የእኔ ዲስክና የአማቴ ድንጋይ

በእኛ አገር መኪና ሲወደስ ሰምታችሁ ከሆነ ልብ በሉ። «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ይባላል። «ዳገት ላይ እንዴት ነው?» ይባላል። «ነዳጅ ይበላል ወይ?» የሚል ቆጣቢም አይጠፋም። ከእነዚህ ሁሉ ጠያቂዎች መካከል ግን «ለመሆኑ ሲያቆሙት ይቆማል?» ያለ አንድ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። መሄዱን እንጂ መቆሙን የሚያደንቅ የለም። ለነገሩ ሰውም ላይ ፍርዳችን ያው ነው፤ ሠርግ ቤት ሲጨፍር ያነጋው ስሙ ለዓመት ይነሳል፣ በጊዜ በቃኝ ብሎ ቤቱ የገባውን ግን መምጣቱንም የሚያስታውስ የለም።

እዚህ መተማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቆላው ዝርግ ነው። ከገንዳ ውሃ ወደ ሽንፋ ስትወጡ ግራና ቀኙ ሰሊጥ፣ ከሰሊጡ ወዲያ ማሽላ፣ ከማሽላው ወዲያ ደግሞ ሌላ ሰሊጥ ነው። ነዳጁን ካልረገጡት መኪናው ደክሞት በራሱ ጊዜ ይቆማል ብሎ የሚያምን ሹፌር ሞልቷል። የእጅ ፍሬን የሚባለውንማ ፋብሪካው ለጌጥ ያስቀመጠው ይመስለናል። እኛ ያለን ድንጋይ ነው። መኪናው ገና ሳይረጋ አንዱ ዘሎ ይወርዳል፣ ድንጋዩን ከጎማው ስር ይወሽቃል፣ በእግሩ አንዴ ይመታዋል፤ መኪና ቆመ የሚባለው ያኔ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ይህ መረሬ አፈራችን ያልዘሩበትን ሁሉ ያበቅላል፣ ድንጋይ ግን አያበቅልም። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሳ ለማሳ ብትዞሩ አንድ ወፍ የምታባርሩበት ጠጠር አታገኙም። ስለዚህ የቆላ ሹፌር ድንጋዩን ይዞ ነው የሚዞረው። ደጋ የወጣ ጊዜ ከወንዝ ዳር አንድ ደህና መርጦ ጭኖ ይመለሳል፤ ጎማ ስር የሚገባ፣ የማይንሸራተት፣ ለማንሳትም የማይከብድ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ድንጋይ የሚሰረቅበት አገር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ወደ እኛ ጎራ በሉ።

እኔ ግን ፍሬን አዋቂ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የዕድሜዬን ግማሽ የጨረስኩት በእርሻ ትራክተር ስር በጀርባዬ ተኝቼ ነው፤ የትኛው ብረት ምን ሲያመው እንዴት እንደሚጮህ በድምፁ አውቀዋለሁ። ያረጀች ነጭ ፒካፕ አለችኝ፤ ዘር ትጭናለች፣ ሰሊጥ ታወጣለች፣ እሑድ ደግሞ ታጥባ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰናለች። ይህን ያህል አዋቂ ሰው ታዲያ እንዴት በገዛ አማቱ ፊት ሊዋረድ ቻለ ማለታችሁ አይቀርም። እሱን ልነግራችሁ ነው የተነሳሁት።

ዓምና ለፋሲካ ነው። አማቴ ወይዘሮ ትርንጎ ጭልጋ፣ ደጋው አፋፍ ላይ ነው የሚኖሩት። በዓሉን ከልጃቸው ከባለቤቴ ከየሻረግ ጋር እንዲያሳልፉ ላመጣቸው ወጣሁ፣ ጋቢና አስቀመጥኳቸውና ቁልቁለቱን ጀመርነው። ከጭልጋ ወደ ቆላ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ የሄደበት ያውቀዋል፤ ያልሄደበት ሰውም እዚያ ላይ ሹፌሩን ወሬ ባያስወራው ይመረጣል። ትንሽ እንደወረድን «አንተ ልጅ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ» አሉ። እኔንም ሸትቶኛል። ግን እንግዲህ አማት ፊት ነው፣ እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ። «ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው» አልኳቸው። ከፊታችን የጭነት መኪና አልነበረም።

የዚያን ጊዜ የፒካፔ የኋላ ፍሬን ታምቡር ነበር። ታምቡር ማለት ከጎማው ጀርባ የተደፋ ብረት ድስት ነው በሉት፤ ፍሬን ስትረግጡ ውስጡ ያሉት ሁለት ሸራዎች ይከፈቱና የድስቱን ግድግዳ እየፋቁ ጎማውን ያስቆሙታል። ሜዳ ላይ ነውር የለበትም። ረዥም ቁልቁለት ላይ ግን ድስቱ ክድን ነውና ሙቀቱ መውጫ አያገኝም፤ ሸራው ይቃጠላል፣ ከዚያ የፍሬኑ ዘይት ራሱ ይፈላል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባልኝ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ምንም የለም። ማርሽ ቀነስኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ እኔም ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጮህኩ፣ መጨረሻ ላይ የመኪናዋን አፍንጫ ከመንገዱ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ላይ ሰክቼ አቆምኳት። ማንም አልተጎዳም። ወይዘሮ ትርንጎ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ከዚህስ ድንጋይ ይሻላል» አሉ። «ድንጋይ ባስቀመጡት ይገኛል።»

ከዚያ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ሁለተኛ እኔ በምነዳው ነገር ላለመሳፈር መቁረጣቸውን በማግሥቱ በስልክ ለልጃቸው ነገሯት። የወይዘሮ ትርንጎ ቃል ደግሞ አንዴ ከወጣ ወዲያ ሽማግሌ ተልኮም አይመለስም። በአውቶቡስ ይምጡ እንዳይባል፣ ገና መናኸሪያው በር ላይ ሳሉ የሚያዞራቸው ሴት ናቸው። ያ ፋሲካ እንዲሁ አለፈ።

ዘንድሮ የሻረግ ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያችን ናት። ጎረቤት መጣ፣ ዘመድ መጣ፣ ከሽንፋ የአጎቴ ልጆች በባጃጅ ተጠቅጥቀው መጡ። የባለቤቴ እናት ቦታ ብቻ ባዶ ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ በስልክ ነበር የልጅ ልጃቸውን የሚጠይቁት፤ የሻረግ ስልኩን ከሕፃኗ አፍ አስጠግታ ትይዛለች፣ እርሳቸው ደግሞ ያንን ልቅሶ ወዲያ ማዶ ሆነው ሲያዳምጡ ይቆያሉ። አንድ ቀን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሻረግ ወደ እኔ ዞረችና «እናቴ ዓይኗን ያላየችውን ልጅ ክርስትና አላስነሳም» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ከዚያ ላይ ሃያ አምስቱ አልፏል። በዚያች ሰዓት ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም፤ አያትና ልጅ የተለያዩት በእኔ ፍሬን ነዋ።

እንግዲህ እኔ ሳፍር እጄ ሥራ ይፈልጋል። በማግሥቱ አደም ዘንድ ሄድኩ። አደም ከገንዳ ውሃ ገበያ ጀርባ የወደቁ መኪናዎችን እየፈታ የሚሸጥ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት ኖሮ የመጣ፣ ዐረብኛውንና አማርኛውን እንደ ሰሊጥና ኑግ ደባልቆ የሚናገር ሰው ነው። እሱ ዘንድ የእኔዋ ታናሽ እህት የምትባል፣ በአዲስ ሞዴል የወጣች ግን ተገልብጣ የሞተች ፒካፕ ነበረች። የኋላ እግሯ ፍሬን ዲስክ ነው። ዲስክ እንግዲህ ድስት የለውም፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ገላጣ የብረት ሳህን ነው፣ ካሊፐር የሚባል መዳፍ በሁለት ፓድ መሐል ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ነፋስም እንደልቡ ያገኘዋል። አይቼው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ዲስኮቹን፣ ካሊፐሮቹን፣ ከዋናው የፍሬን ፓምፕ ጋር አንድ ላይ አስፈታሁ። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ስንለካው ግን ለእኔዋ ሁለት ስንዝር አጠረ። የሚሆነው ከጎንደር መምጣት ነበረበት። አደም እጁን አወናጨፈ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምን ችግር አለው? ድንጋይ የለህም እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ድንጋይ ነበረኝ። ምነው ያኔ ያችን ቃል ልብ ብያት በነበረ።

ሥራው ጓሮዬ ውስጥ፣ ከኒሟ ጥላ ስር ተጀመረ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋዬ ከፊትም ከኋላም አስያዝኩ (ለኋለኛው ከጎረቤት ግንድ ተዋስኩ)፣ የኋላውን በክሪክ አነሳሁና ወፍራም ግንድ ደገፍኩበት። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር የሚገባ ሰው ካያችሁ በእግሩ ጎትታችሁ አውጡት፤ በኋላ ያመሰግናችኋል። የግራው ታምቡር በቀላሉ ወጣ። የቀኙ እንቢ አለ። ናፍጣ አጠጣሁት፣ ዙሪያውን በመዶሻ እየደለቅሁ ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ተውኩት፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ብቻውን ላላ። ከውስጡ የወጣው የተቃጠለ የሸራ ዱቄት ነው፤ ያ ያለፈው ዓመት ሽታ። ለብቻዬ ስለነበርኩ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። የጭነት መኪናው ይኸው፣ አልኩ በልቤ።

ሰፈሩ መቼም ሥራ ፈት አይደለም፣ ሥራዬን ሊያይ ይመጣ ነበር። በእኛ ቆላ ዲስክ ሲባል የሚታወቀው ትራክተር የሚጎትተው የማረሻ ሳህን ነው። «ዲስክ ልገጥምላት ነው» ባልኩ ቁጥር «በፒካፕ ልታርስ ነው ወይ?» ይሉኛል። እኔ ለማስረዳት ስል የጀመርኩት ትምህርት ከሥራው ጊዜ ሊበልጥ ሆነ። ካሊፐሩ የሚቀመጥበት መያዣ ከእኔዋ ዘንግ ጋር ስላልገጠመ በካርቶን ልክ ወስጄ ቶርኖ ቤት ከወፍራም ብረት አስቆረጥኩት። ባለሙያው ቀጠን ያለው ይበቃሃል ብሎ ተከራከረኝ። በዚህ መያዣ ላይ አማቴ ነው የሚንጠለጠሉት አልኩት፤ ወዲያው ወፍራሙን አነሳ። ድሮም ዲስክ የነበሩትን የፊቶቹን ፊታቸውን ቶርኖ ላይ አስላጨሁ፣ አዲስ ፓድ አለበስኳቸው፣ የተሰነጣጠቁትን የዘይት ማስተላለፊያ ጎማዎች በሙሉ ቀየርኩ። ከኋላ ጀግና ከፊት ፈሪ የሆነ ፍሬን መኪናን እንደ ሰካራም ያዞራታል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ከጎረጎርኩ ዘንዶውንም ፈታትቼ ነው የምገጥመው።

የቀረው ከፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነበር። ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከስር ተኝቶ የዘይት መውጫ ቡሎኗን ይከፍታል፣ ሌላው ከላይ ፔዳሉን ይረግጣል። ደህና ረጋጭ ደግሞ አገር አጥቷል፤ «ያዝ» ስትሉት የሚለቅ፣ «ልቀቅ» ስትሉት የሚረግጥ ነው የሞላው። የሻረግ ልጇን አስተኝታ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ሳልጠራት መጣች፣ ጋቢዋን እንደተከናነበች ከመሪው ጀርባ ተቀመጠች። እርገጪ ስላት ትረግጣለች፣ ያዢ ስላት ትይዛለች፤ ከዘይቱ ጋር የሚወጣው አየር በያዝኩት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከሩቁ ጎማ ጀምረን ወደ ቅርቡ አራቱንም ጨረስን። መሐል ላይ ጎረቤታችን በአጥሩ አንገቷን አስግጋ አራስ ሰው ፍሬን ያስረግጧል ወይ ብላ ወረደችብኝ።

«እሱ አይደለም ያስረገጠኝ» አለቻት የሻረግ። «ለእናቴ ነው የምረግጠው።»

ጎረቤታችን አንገቷን ከአጥሩ መለሰች፣ እኔም ዘይቱ ዓይኔ ገባ ብዬ ፊቴን ጠረግሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ከከተማው መውጫ ቀጥ ያለው አስፋልት ላይ ሞከርኳት። መጀመሪያ ፓዶቹን ማላመድ ነው፤ ፈጠን ማለት፣ ቀስ ብሎ መያዝ፣ ሳያቆሙ መልቀቅ፣ እንደገና። ሲሞቁ ደግሞ እየነዱ ማቀዝቀዝ። ከዚያ ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ። ቀጥ። ወደ ግራ አላለችም፣ ወደ ቀኝ አላለችም፣ አልጮኸችም፤ መሬቱ ራሱ የያዛት መሰለ። አሥር ጊዜ ደገምኩት። ሽንፋ የሚሄድ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ከኋላዬ ሆኖ መብራት እያበራ ተሳደበ፤ የስድቡን ፍሬ ነገር ስሰማው ምስጋና ነበር፤ እንደዚህ ድንገት የሚቆም መኪና አይቶ አያውቅም።

ሰው ሲሳካለት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቤት ስደርስ ጎረቤቶቼ በር ላይ ነበሩ። ለዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝን ድንጋይ ከኋላ መጫኛዋ ላይ አነሳሁ፣ ሁሉም እያዩኝ ወደ አጥሩ ስር ወረወርኩት፤ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥተሃልም አልኩት። ድንጋዩ ሳይመሽ ጠፋ። ነግሬያችኋለሁ።

የእጅ ፍሬኑ ገመድ ገና ከጎንደር አልመጣም። አላሳሰበኝም። ገንዳ ውሃ ላይ ማርሽ ሳላስገባ ባቆማት እንኳ የምትሄድበት የላትም። የሜዳ ሰው ጉዱ ይኼ ነው፤ ዓለም ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል።

ሰማንያው ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ፍሬን መሥራቴን ለአማቴ በስልክ ነግሬ ጭልጋ ወጣሁ። ሞተሩን የምታስነሳው ሞተሪኖዋ በዚያ ሰሞን አመል አውጥታ አንዳንዴ ትነሳለች አንዳንዴ ትኮራለች፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ሞተር አላጠፋሁም። ዳገቱን ስወጣ ንግግሬን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ስለ ሙቀት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ወፍራሙ ብረት። የወይዘሮ ትርንጎ ቤት በር ታዲያ አቀበት ላይ ነው። አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጌ በራቸው ላይ ረገጥኩ፤ ቀጥ አለች። ከኋላዬ ቦይ ነው፣ ከቦዩ ወዲያ የጎረቤት የባቄላ ማሳ፣ ከባቄላው ወዲያ ገደል። ልወርድ በሩን ከፈትኩና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እግሬን ካነሳሁ መኪናዋ ትሄዳለች።

አውቃለሁ፣ «ማርሽ አስገብተህ አጥፋት» እያላችሁኝ ነው። ላጥፋትና ሞተሪኖዋ ብትኮራስ? ሰፈር ተሰብስቦ ሊገፋኝ ነው? በተገፋ መኪና ወይዘሮ ትርንጎ ሊሳፈሩልኝ ነው? እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ አማቴ ነጭ ለብሰው ከግቢው ወጡ። ጎረቤቶቻቸውም ወጡ። አማች ሲመጣ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ከተቀመጠበት ይወርዳል፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይስማል፣ ከዚያ ሌላው ወሬ ይቀጥላል። እኔ ግን ሁለት እጄን መሪው ላይ፣ ቀኝ እግሬን ፍሬኑ ላይ እንደሰካሁ በመስኮት «እንደምን ዋሉ እማዬ» አልኩ።

አንዲት አሮጊት ከንፈራቸውን መጠጡ። ወይዘሮ ትርንጎ አራት እርምጃ ቀረብ አሉ።

«ምነው፣ እግርህን አመመህ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ እማዬ።»

«ታዲያ ውረዳ።»

ያለፈው ዓመት የጭነት መኪና ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ወገቤን ነው፣ ቸኩያለሁ፣ ብቻ አንዱን ማለት ይቻል ነበር። ከዚያ የሻረግ ጋቢዋን ተከናንባ ስትረግጥ በሐሳቤ ታየችኝ።

«እግሬን ካነሳሁ መኪናዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች» አልኩ።

«ፍሬን ሠርቻለሁ አላልክም?»

«ሠርቻለሁ።»

«የት አለ?»

«እግሬ ስር ነው። የሚያቆማት እሱ ነው፤ ቆማ የሚይዛት ገመድ ገና አልመጣም። ድንጋይ ነበረኝ፣ እሱንም በኩራቴ ጣልኩት። እማዬ፣ እባክዎ አንድ ድንጋይ ይስጡኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ለማንም ሳያዝዙ ወደ ድንጋይ አጥራቸው ሄዱ፣ ሦስት አራት ነካክተው ትተው አንዱን መረጡ፣ አንስተው መጡና ከኋላ ጎማው ስር ወሸቁት። በእግራቸውም አንዴ መቱት። ከየት እንደለመዱት እንጃ፣ ልክ እንደ ሹፌር ነው የመቱት።

«በል አሁን ውረድ» አሉ።

ወረድኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ሁሉ ዳገት የሸመደድኩትን የዲስክ ንግግር ለመጀመር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ስለ ብረቱ አላውቅም» አሉ። «ዓምናም ብረቱን አልፈራሁም። የሚቃጠል ይሸታል ስልህ የሌለ መኪና ከፊቴ ያስቀመጥክ አንተን ነው የፈራሁ። ድንጋይ አጣሁ ለማለት ያላፈረ ሰው ግን ገደል አይከተኝም።» ጓዛቸው ለካስ በር ላይ ታስሮ ተቀምጧል። ማር አለ፣ በርበሬ አለ፣ ለሕፃኗ የተፈተለ ጋቢ አለ። ሄጄ ስጠይቃቸው እንቢ ሊሉኝ ያሰቡ ሰው ጓዝ አይመስልም ነበር። ድንጋዩንም ከጎማው ስር አስነስተው ጋቢና ውስጥ ከእግራቸው መሐል አስቀመጡት። ይኼ የአጥሬ ድንጋይ ነው፣ ስመለስ አብሮኝ ይመለሳል፣ ያለ እሱ አልንቀሳቀስም አሉ።

ቁልቁለቱን በቀስታ ያዝነው። አንድ ጊዜ አፍንጫቸውን አንስተው አየሩን ሳብ ሳብ ሲያደርጉ አየኋቸው፤ የሚሸት ነገር አልነበረም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሦስተኛው ላይ፣ ያው ዓምና ያለቀልን ቦታ ላይ፣ ዞር ስል መንገዱን ሞልተው የተኙ ከብቶች ገጠሙኝ። ረገጥኩ። ፒካፔ ከአንዱ ወይፈን አፍንጫ ሁለት ክንድ ሲቀራት ቀጥ አለች፤ ወይፈኑ ማመንዠኩን አላቋረጠም። ወደ ጎን አየሁ። ወይዘሮ ትርንጎ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተኝተዋል። ድንጋዩ ከእግራቸው መሐል ንቅንቅ አላለም። ተመስገን አልኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ሥራ በዚያች ቅጽበት ተመርቆ ምስክሩ አንድ ወይፈን ብቻ ሆነ። ቀስቅሼ ልነግራቸው ስል ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ደርሰን እንደሆነ ጠየቁኝና ከብቶቹን አይተው መልሰው ተኙ። በኋላ ሳስበው ግን ደህና ፍሬን ማለት እንዲያ ነው፤ የተሳፈረው ሰው የማያውቀው።

ቤት ስንደርስ ድንጋዩን ራሳቸው ከጎማው ስር አደረጉ፣ ሜዳ ላይ። ከዚያ የሻረግን በሩ ላይ ልጇን ይዛ ቆማ አዩዋት። ስለዚያ ብዙ አልልም። ሕፃኗን ተቀብለው ያንን በስልክ የሚያውቁትን ልቅሶ ሲሰሙ፣ «ይኸው ድምፅዋ፣ እሷው ናት» አሉ፤ እኔ መኪናዋን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ክርስትናው ሞቅ ብሎ አለፈ። እንግዶቹ ወይዘሮ ትርንጎን እንዴት ቁልቁለቱን ደፍረው እንደመጡ ሲጠይቋቸው፣ ለሁሉም ያንኑ ነው የመለሱት፤ ደህና ድንጋይ ይዤ ነው የመጣሁ። ዲስኩ አልተነሳም። ካሊፐሩ አልተነሳም። የቶርኖ ቤቱ ባለሙያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጠላዬን አነሳሁና ጠጣሁ።

ይህ ከሆነ እነሆ ሁለተኛ ወሩ ነው። የሻረግ ፊቷ ተመልሷል፣ ልጄ የምትተኛው በአያቷ ጀርባ ብቻ ነው፣ እኔም ከማሳ ስገባ የቤቱ ሁኔታ ደስ ይለኛል። ወይዘሮ ትርንጎ ግን አንድ ሰሞን ጓሮዬ፣ አጥሬ፣ ዶሮዎቼ እያሉ ልመለስ ማለት ጀመሩ። ያለ ድንጋያቸው እንደማይንቀሳቀሱ ታስታውሳላችሁ። ታዲያ ድንጋዩ አንድ ቀን ከጎማው ስር ጠፋ። በእኛ አገር ድንጋይ መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ማንንም አልጠረጠሩም። የጓሮው ዳስ ውስጥ፣ ከባዶ የሰሊጥ ጆንያዎች ስር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለየሻረግም አልነገርኳት።

ባለፈው ቅዳሜ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከጎንደር መጣልኝ። ከመኪናዋ ስር ተኝቼ ስገጥም ወይዘሮ ትርንጎ ጆንያ ሊያሰጡ ዳሱ ውስጥ ገቡ። ካለሁበት እግራቸውና እጃቸው ይታየኛል። አንድ ጆንያ አነሱ፣ ሁለተኛውን አነሱ፣ ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ሦስተኛውን ጆንያ መልሰው አለበሱት፣ ሁለተኛውንም ደረቡበት፣ ዳር ዳሩን በእጃቸው አስተካክለው ወጡና መኪናዋ አጠገብ መጡ።

«ድንጋዬን አላየህልኝም?» አሉ ከላይ።

«አላየሁም እማዬ» አልኩ ከስር።

«በል እንግዲህ፣ እስኪገኝ መሰንበቴ ነው» ብለው ወደ ሕፃኗ ሄዱ፤ እኔም ገመዴን ማጥበቅ ቀጠልኩ።